በፍልሰታ ከልጅ ጋር በዐጸዱ ሥር

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

ባለፈው ጾመ ፍልሰታ የሰባት ዓመት ልጄን ይዤ ቅዳሴ እስኪገባ በዐጸዱ ስንዘዋወር፣ «አባዬ፣ የዚህ ዛፍ ስሙ ማን ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። የችግኝ ዕቅድ የማዘጋጅ ሰው ነኝና አፈርሁ። ያስተማሩን የቅጥሩ ጠባቂ አረጋዊ ናቸው፤ ቅጠሉን ገልብጠው፣ ላዩ አረንጓዴ፣ ውስጡ ወደ ቡናማ ያደላ መሆኑን አሳይተው «ወይራ ነው» አሉን። ጽዱን ደግሞ ቅጠሉን አሽተን በመዓዛው ለየነው።

ከዚያ ወዲህ ክረምቱን ሙሉ ያደረግነው ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። ባዶ ጣሳ ከዛፍ ርቆ በገላጣ ሥፍራ ይቀመጣል፤ ልጁ ጠዋት እንጨት ነክሮ የሌሊቱን ዝናብ በጣቱ ይለካል። ወፍ ሲጮኽ ዝም ብለን ቆመን የት እንዳለ እንፈልጋለን። ነጎድጓድ ከጀመረ ግን (ይህን ወላጅ ሁሉ ይወቅልኝ) ከዛፍ ሥር ወጥተን ወደ ቤት እንገባለን።

አንድ የወይራ ችግኝም ተክለናል። እውነቱን ለመናገር፣ በየክረምቱ ብዙ እንተክላለን፤ በበጋ የሚያጠጣ ሲጠፋ ይደርቃል። የልጄ ችግኝ ግን በየሰንበቱ ይጎበኛል። በጥር ፍየል ጫፉን በልታበት አለቀሰ፤ እሾህ አጠርንለት፤ አሁን አቆጥቁጧል።

ስለዚህ ዘንድሮ ችግኝ ስታድሉ፣ አንዱን ችግኝ ለአንድ ወላጅና ለአንድ ልጅ ስጡ፤ ስማቸውንም መዝግቡ ብዬ እለምናችኋለሁ። የእኛን ማየት የሚሻ ቢኖር ከቤተ ልሔሙ በስተጀርባ ነው፤ አጥሩን ብቻ አትንኩብን።