የግራና ፈቃድ ጭፍራ ላይ ስንት ያወጣል?

(ከዚህ በታች የሚነበበው ስለ ጦር መሣሪያ ፈቃድና ስለ ክልሎች ወሰን በተደረገ ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲያመች ጥቂት አሳጥረነዋል።)



የማወራው ስለ ጠመንጃ ነው፤ ግን አትደንግጡ፣ አልተኩስም። የማነሳት ጥያቄም አንዲት ናት። ሰው በሕግ የተሰጠውን የመሣሪያ ፈቃድ በኪሱ ይዞ የክልል ወሰን ሲሻገር ያ ፈቃድ ፈቃድ ሆኖ ይቀጥላል? ወይስ የበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል?

ቦታውን ላስይዛችሁ። ግራና በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ ያለች ከተማ ናት። ሀብሩን በደቡብ በኩል ከደቡብ ወሎ የሚለያት የሚሌ ወንዝ ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው ግን ሌላ ክልል ነው፤ አፋር። ካርታ ላይ መስመር አለ። መሬቱ ላይ ግን መስመሩን ያየ በግ የለም። የግራና ሰው እህሉን ጭኖ ወደ ቆላው ይወርዳል፣ ፍየልና ግመል ይገዛል። አፋሩም በጋው ሲከፋበት ከብቱን እየነዳ ሣርና ውኃ ወዳለበት ወደ ሀብሩ ይወጣል። ይህ ክልል የሚባለው ነገር ሳይኖር የነበረ ነው። ሁለቱም ደግሞ ባዶ እጃቸውን አይሄዱም፤ የአንዱ ትከሻ ላይ ክላሽ አለ፣ የሌላውም ትከሻ ላይ ክላሽ አለ።

አሁን አንድ የግራና ገበሬ እናስብ። መሣሪያውን አስመዝግቧል፣ ቁጥሩ ተጽፏል፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተሰጥቶታል። ሌሊት በሬው ተነዳ። ምን ያደርጋል? ጎረቤቱን ጠርቶ ዱካ ይከተላል። እንቅልፍ የሚወስደው ካለ በሬ ኖሮት የማያውቅ ሰው ነው። ዱካው ወደ ምሥራቅ ይወስደዋል። የወሰኑ ወዲህ ማዶ ላይ ሳለ «ባለ ፈቃድ» ነው፤ ሚሊሻውም ሰላም ይለዋል። ዱካው ሃምሳ እርምጃ ወዲያ ሲያሻግረው ግን የሚያገኘው ኬላ ማኅተሙን አያውቀውም። «ይኼ የእናንተ ክልል ወረቀት ነው» ይባላል። ማታ በዜና «ሕገ ወጥ የጦር መሣሪያ በቁጥጥር ሥር ዋለ» ይባልለታል። በሬውም ሄደ፣ ክላሹም ሄደ። ለክላሹ ሲል የሸጠው ሌላ በሬ ደግሞ ድሮ ሄዷል።

ለአፋሩም እንደዚሁ ነው፤ አንድ ወገን ብቻ አልቅስ አላልኩም። ከጭፍራ ወደዚህ የወጣው አርብቶ አደር ወረቀት ካለው፣ ሀብሩ ላይ ያ ወረቀት ማን ዘንድ ይነበባል?

ሕጉ ምን ይላል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስገርመው። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 የፌዴራሉን መንግሥት ሥልጣን ይዘረዝራል። እዚያ ዝርዝር መጨረሻ ላይ የጦር መሣሪያ ስለ መያዝ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የፌዴራል መንግሥቱ ነው ተብሎ ተጽፏል። የክልል አይደለም! ፌዴራሉ ግን ይህን ሥልጣን ይዞ ሃያ አራት ዓመት ያህል ተቀመጠ። አጠቃላይ የሆነ የመሣሪያ ሕግ ሳይኖር በየክልሉ፣ በየዞኑ፣ በየወረዳው እንደ ልማድና እንደ መመሪያ ሲመዘገብ፣ ሲገፈፍ፣ እንደገና ሲታደል ኖረ። በመጨረሻ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አጸደቀ። አዋጁ ለባለ ፈቃዱ የዕድሜ ወሰን አበጀ፣ የመሣሪያውን ብዛት ገደበ፣ መሣሪያ መያዝ ልማድ የሆነበት አካባቢ መኖሩንም አመነ። ቁጥጥሩንም ለፌዴራል ፖሊስ ሰጠ። ጥሩ ነው፤ አልቃወምም።

ነገር ግን አዋጅ አዲስ አበባ ላይ ይጸድቃል፤ ወረቀት የሚጻፈው ወረዳ ላይ ነው። ማኅተሙ የወረዳ፣ ቋንቋው የክልል፣ መዝገቡ ደግሞ ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ጭፍራ ኬላ ላይ የቆመው ፖሊስ የሀብሩን መዝገብ በምን ያየዋል? ስለዚህ ይጠራጠራል። በእሱም አልፈርድም። ሐሰተኛ ማኅተም በሚቀረጽበት አገር መጠራጠር ሥራው ነው።

አሁን የመንጃ ፈቃድን ተመልከቱ። ደሴ ላይ የወጣ መንጃ ፈቃድ ሠመራም፣ ሐዋሳም፣ ጅማም ይሠራል። ትራፊኩ ጉቦ ሊያስብ ይችላል እንጂ «ይኼ የአማራ መንጃ ፈቃድ ነው፣ እዚህ አትነዳም» አይልም። መኪናም ይገድላል እኮ! ታዲያ አንድ ፌዴራላዊ ሕግ ያለው የመሣሪያ ፈቃድ ለምን በወሰን ላይ ይሞታል?

ስለ ሽጉጥም አንድ ነገር ልበል፤ የሽጉጥ ነገር የባሰ ነው። ክላሽ ትከሻ ላይ ሆኖ ራሱን ያሳውቃል፤ ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ይጠነቀቃል። ሽጉጥ ግን ከኮት ወይም ከጋቢ ሥር ነው። ከወልዲያ ተሳፍሮ የሚሄደው ነጋዴ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ወገቡ ላይ ቢኖር፣ ፈታሹ ሲዳብሰው የሚያገኘው «የደበቀ» ሰው ነው። ፈቃዱን ከማውጣቱ በፊት ግንባሩ ላይ ተደግኖበታል። ወረቀቱ የማይታወቅበት ቦታ ከሆነ ደግሞ መደበቁ ብቻውን የጥፋት ማስረጃ ይሆንበታል።

ነገሩ ለእኛ ሰፈር አዲስ አይደለም። ከግራና ብዙም ሳይርቅ፣ በደሴና በወልዲያ መንገድ ላይ፣ ውጫሌ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ስለተፈረመው ውል ስናወራ ሁላችንም አንቀጽ 17ን ብቻ ነው የምናነሳው። አንቀጽ 6ን ያነበበ ስንት ነው? እዚያ ላይ የጦር መሣሪያ በምጽዋ በኩል የሚያልፈው ለምኒልክ ብቻ እንደሆነ፣ ለዚያም ንጉሣዊ ማኅተም ያለበት ማመልከቻ ለጣልያን ሹማምንት መቅረብ እንዳለበት፣ ጭነቱም እስከ ኢትዮጵያ ወሰን በጣልያን ወታደር ታጅቦ እንደሚሄድ ተጽፏል። ማኅተም፣ ኬላ፣ አጃቢ! ያኔም መሣሪያው የሚያልፈው ማኅተሙን የሚያውቅ ኬላ ካለ ነበር። በ1922 ዓ.ም. ደግሞ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣልያን ጋር ስለ መሣሪያ ማስገባት ሌላ ውል ተፈረመ። ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ ግን ጎረቤቶቻችን በሩን ዘጉብን። ወረቀት እጅ ውስጥ ነበር፤ ወረቀቱን የሚያከብር ጠፋ።

«ይህ የኛ የኋላ ቀርነት ነው» የሚል ይኖራል። የለም! አሜሪካ ሂዱና እዩ። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ቨርጂኒያ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሌሎችን ክፍለ ግዛቶች ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ ሁሉ ትቀበላለች። ሜሪላንድ ግን የማንንም አትቀበልም። ዋሽንግተን ዲሲም አትቀበልም። እንግዲህ አሌክሳንድሪያ የሚኖር፣ የቨርጂኒያ ፈቃድ ያለው አበሻ የታክሲ ሾፌር፣ ሌሊት እንዳይዘረፍ ሽጉጥ ይዞ ፖቶማክን ቢሻገር፣ ድልድዩ ላይ ሆኖ ከሕጋዊነት ወደ ወንጀለኛነት ተለወጠ ማለት ነው። የድልድዩ ርዝመት እኮ ከግራና ወደ ማሳ የሚያስኬድ እንኳ አይደለም! ቬርሞንት ደግሞ ከነጭራሹ ፈቃድ የሚባል አታውቅም፤ ስለዚህ ነዋሪዋ ሌላ ቦታ ሄዶ የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

ሆኖም አሜሪካኖቹ ሁለት ነገር አድርገዋል። በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ፣ መነሻውና መድረሻው ላይ መሣሪያውን መያዝ የተፈቀደለት መንገደኛ ጥይቱን አውጥቶ፣ መሣሪያውን ቆልፎበት፣ እጁ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጦ መሃል ያለውን ክፍለ ግዛት ማለፍ ይችላል። በ2004 ደግሞ ለፖሊሶችና ለጡረተኛ ፖሊሶች በመላ አገሩ እንዲይዙ ፈቀዱ። ለሁሉም ሰው አንድ ይሁን የሚለው ረቂቅ በታኅሣሥ 2017 በታችኛው ምክር ቤት 231 ለ198 አለፈ፤ በላይኛው ምክር ቤት ግን ሕግ ሳይሆን ቀረ። የተቃወሙት ሰዎች ክርክርም ቀላል አልነበረም። «እኛ ሥልጠና ጠይቀን፣ ወንጀል መዝገብ አይተን ነው ፈቃድ የምንሰጠው፤ ጎረቤታችን ለማንም የሚያድለውን ለምን እንቀበላለን?» ነው ያሉት። ልዩነቱ ይህ ነው፤ እነሱ ሃምሳ ሕግ ስላላቸው ይጨቃጨቃሉ። እኛ አንድ ሕግ ይዘን እንደ ሃምሳ እንሠራለን።

«ለምን ጠመንጃውን አይተዉትም?» ለሚለውም መልስ አለኝ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልዲያንና መርሳን ሲያጥለቀልቅ፣ እስከ ታኅሣሥ 2014 ያ ሕዝብ ያየውን አይቷል። ጭፍራም በዚያው ጦርነት ተቃጥላለች። ከዚያ ወዲህ ለሀብሩ ገበሬ ስለ መሣሪያ መተው የሚሰብክ ሰው መጀመሪያ ማን እንደሚጠብቀው ይንገረው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አሥር ወር ያህል ሲቆይ ደግሞ ሌላ ሥጋት መጣ። ፈቃድ ያለውም የሌለውም በአንድ ዓይን ታየ። ያን ጊዜ ወረቀቱን ማሳየት «መሣሪያ አለኝ፣ ኑ ውሰዱ» ብሎ ራስን ማጋለጥ ሆኖ የተሰማው ሰው ብዙ ነው። ሕጋዊ የሆነው ሰው ከመዝገብ የሚሸሽ ከሆነ ያ መዝገብ ምን ይረባል? ያላስመዘገበው እኮ ማንም አያውቀውም፤ ማታ በጎድጓዳው ያልፋል። ኬላ ላይ የሚያዘው በአስፋልቱ የመጣው ባለ ወረቀት ነው።

የምጠይቀው ሰማይ አይደለም። የመሣሪያው ቁጥር በአንድ አገር አቀፍ መዝገብ ይግባና ኬላ ላይ ያለው ፖሊስ በስልክ አጣርቶ በአምስት ደቂቃ ይወቀው። ሀብሩና ጭፍራ የመሳሰሉ ጎረቤት ወረዳዎች ደግሞ አዲስ አበባን ሳይጠብቁ፣ ሽማግሌዎቻቸውና ፖሊሶቻቸው ተቀምጠው ሁለት ነገር ይወስኑ፦ ለገበያ የሚሄድ ሰው መሣሪያውን የት አስቀምጦ እንደሚገባ፣ ከብት ተነድቶበት ዱካ የሚከተል ሰው ደግሞ ለየትኛው ኬላ አስታውቆ፣ ከማን ጋር ሆኖ እንደሚሻገር። መሣሪያ ያለ ደረሰኝ አይወሰድ። የተወሰደበት ቀን፣ የመሣሪያው ዓይነትና ቁጥር፣ የወሰደው ሰው ስምና ፊርማ ይጻፍ። ደረሰኝ የማይሰጥ ፈታሽ በእኔ ዓይን ከቀማኛ የሚለየው የደንብ ልብሱ ብቻ ነው።

እስከዚያው መንገድ ለምትሄዱ፦  የመሣሪያውን ቁጥር በቃል አጥኑት፤ ቁጥሩን የማያውቅ ሰው ኋላ «የኔ ነው» ቢል አይሰማም። ሽጉጥ የያዛችሁ ፈታሹ ሳይነካችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ እጃችሁን ግን ወደ ወገባችሁ አትስደዱ። መሣሪያው ከተወሰደባችሁም በዚያው ቀን ፈቃዱን ለሰጣችሁ ወረዳ በጽሑፍ አመልክቱ፣ የማመልከቻውንም ቅጂ የገባበትን ቁጥር አስጽፋችሁ ያዙ።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ እንጀምር።