የፍሬን ዲስክና የፍሬን ዘይት መቼ ይለወጣል?

(ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



መኪናን ስለ ማስሮጥ የሚናገር ብዙ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ ማቆም ነው።

የፍሬን ሥራ አንድ ነው፤ ይኸውም ሩጫን ወደ ሙቀት መለወጥ። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ቢቆም 2.3 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይወጣል። ይህም 7 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በእሽቅድምድም ሜዳ ደግሞ ይህ በየዙሩ ይደጋገማል። ስለዚህ የፍጥነት መኪና ፍሬን በኪሎ ሜትር ቆጠራ ብቻ አይመዘንም።

ለዲስኩ ዳኛው ማይክሮሜትር ነው። ዝቅተኛው ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ በዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። በብዙ ቦታ ለክታችሁ ወደዚያ ከተቃረበ የግራውንና የቀኙን አንድ ላይ ለውጡ። ፀጉር የመሰሉ ጥቃቅን ስንጥቆች ከሙቀት ይመጣሉ፤ ይጠበቃሉ እንጂ ወዲያው አያስጥሉም። ስንጥቁ ጠርዝ የደረሰ ወይም ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ የተሻገረ እንደሆነ ግን ዲስኩ አብቅቶለታል። መሪው ስለ ተንቀጠቀጠ ብቻ «ዲስኩ ተጣሟል» ማለትም ችኮላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፍሬን ሸራው ቅሪት በዲስኩ ፊት ላይ ወጣ ገባ ሆኖ መለጠፉ ነው።

ዘይቱ ግን አታላይ ነው፤ ከአየር እርጥበት እየጠጣ መልኩ ንጹሕ ይመስላል። ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ መስፈርቱ ያዛል፤ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲገባበት ግን የሚጠየቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይት ሲረገጥ አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን ይጨመቃል።

አንድ ወዳጄ ውድ ዲስክ አስገጥሞ ዘይቱን «ገና ንጹሕ ነው» ብሎ ተወው። ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ፔዳሉ ወለል ነካ፤ መኪናው ግን አልቆመም። ነፍሱን ያተረፈው ማርሽና የእጅ ፍሬን ነው። የቆጠበው የአንድ ጠርሙስ ዘይት ዋጋ ነበር።

እንግዲህ ለተራ መንገድ ብዙ ሠሪዎች የሚያዙት በየሁለት ዓመቱ መለወጥን ነው። መኪናውን በእሽቅድምድም ሜዳ የሚያስሮጥ ሰው ግን ቢያንስ በየዓመቱ ይለውጥ፤ አንድ ጊዜ የፈላውንም ዘይት አይመነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።