አቀንጭራን በጠርሙስ ውስጥ ማሳደግ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ገበሬው ከማሽላው መካከል ነቅሎ የሚጥለውን አቀንጭራ ተመራማሪው በንጹሕ ጠርሙስ እየመገበ ማሳደጉ ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ይህ አረም ከፍተኛውን ጉዳት የሚያደርሰው ገና ከመሬት በታች ሳለ ነው። አበባው በማሳው ላይ በሚታይበት ጊዜ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን መምጠጥ ከጀመረ ሳምንታት አልፈዋል።

አንድ ተክል እንደ ትቢያ የደቀቀ በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ዘር ይበትናል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። የሚበቅለው ከሌላ ተክል ሥር የሚወጣ ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ስትራይጎል እ.ኤ.አ. በ1966 ከጥጥ ሥር ተለይቶ ታወቀ። ጥጥ ግን አቀንጭራን አይመግብም፤ ስለዚህ የበቀለው ዘር የሚጣበቅበት ሥር አጥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል።

በቲሹ ካልቸር ሥራ ዘሩ በበረኪና ከታጠበና በተጣራ ውሃ ከተለቀለቀ በኋላ፣ 30 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀትና በእርጥበት ለሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። ከዚያም ጂ አር 24 የተባለው ሰው ሠራሽ ማብቀያ ይጨመርበታል። የበቀለው ችግኝ ስኳር፣ ማዕድናትና ቪታሚን ወዳለበት አጋር ይዛወራል። ስኳሩ ጥገኛው ከማሽላ የሚያገኘውን ምግብ ይተካል። ከችግኙ የተቆረጡ ክፍሎችም እንደ ሆርሞኑ መጠን ካለስ ወይም አዲስ ቀንበጥ ያወጣሉ።

የዘዴው ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ስትሪጋ ሄርሞንቲካ የሌላ ተክል የአበባ ዱቄት ካልደረሰው ዘር ስለማያፈራ፣ ከአንድ ማሳ የተለቀሙ ዘሮች እንኳ በውርስ ይለያያሉ። ከአንድ ችግኝ የተባዙ ቀንበጦች ግን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት በመሆናቸው፣ በሙከራው የታየው ልዩነት ከአረሙ ይሁን ከተሰጠው ነገር መለየት ይቻላል።

ቀላል የሆነው የአጋር ዘዴም ታላቅ ፍሬ አፍርቷል። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታና ባልደረቦቻቸው የማሽላን ችግኝ ከአቀንጭራ ዘር ጋር በአንድ ሳህን ላይ አኑረው፣ የማሽላው ሥር ምን ያህል ርቆ የሚገኝን ዘር እንደሚያበቅል ለኩ። አቀንጭራን የሚያስነሣ ኬሚካል ጥቂት ብቻ የሚያወጡ ማሽላዎች በዚህ መንገድ ሊለዩ ቻሉ። ጎብዬና አብሽር የተባሉት ተቋቋሚ ዝርያዎችም ለኢትዮጵያ ገበሬ ደረሱ። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ1956 ስትሪጋ አሲያቲካ በአሜሪካ ካሮላይና በበቆሎ ማሳ ከተገኘ ወዲህ እርሱን የማጥፋቱ ዘመቻ አሥርተ ዓመታት ፈጅቷል። ስለዚህ ዘር የነካው ዕቃና ውሃ ሁሉ በአውቶክሌቭ ሳይቀቀል ከላቦራቶሪ ሊወጣ አይገባም።

በጠርሙስ የሚያድገው አቀንጭራ በስኳር የሚኖር እንጂ ከሥር ጋር የታገለ አይደለም። እንግዲህ በጠርሙስ የተገኘው ዕውቀት በሸክላ ማሰሮ፣ ቀጥሎም በማሳ መፈተን አለበት። የመጨረሻው መመዘኛ የገበሬው ጎተራ ነው።