የገርባ ደም አማና ነው

(ጥቅምት 15 ቀን 2005 ዓ.ም. በዐረፋ ዕለት፣ ደሴ ላይ ከዐስር ሶላት በኋላ ለጀመዓው የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለአላህ፣ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይሁን። 

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ! ዛሬ ዐረፋ ነው። ሑጃጆቹ ሜዳው ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ እኛም ጾመን ውለናል። ነገ ዒድ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በገርባ ግን ለቅሶ ተቀምጠዋል። ባለፈው እሁድ ጥቅምት 11 ቀን ፖሊስ ተኩሶ ወገኖቻችን ወድቀዋል። አላህ ሸሂድ አድርጎ ይቀበላቸው። (አሚን)

መንግሥት 3 ሰላማዊ ሰዎችና 1 ፖሊስ መሞታቸውን አምኗል። ምክንያቱን ሲናገር ግን የታጠቁ ሰዎች ፖሊስ ጣቢያ ወረሩ ይላል። ወገኖቻችን ደግሞ ሕዝቡ የታሰረበትን ሰው ፍቱልን ብሎ እንደጠየቀና እንደተተኮሰበት ይናገራሉ። ባለፈው ሚያዝያ 19 ቀን አርሲ አሳሳ ላይም 4 ሰዎች ሲገደሉ ነገሩ እንዲሁ ነበር፤ ሰው ተያዘ፣ ሕዝብ ጠየቀ፣ ጥይት ተተኮሰ፣ ከዚያ ጥፋተኛው ሕዝቡ ነው ተባለ። አዲስ አበባ አንዋር መስጊድ ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚያይ ዓይን ብዙ ነው። ገጠር ላይ ግን ነገሩን ለአገር የሚነግረው ያው የተኮሰው ወገን ይሆናል። ስለዚህ የሟቾቹ ጉዳይ በእኛ ትከሻ ላይ የወደቀ አማና ነው። ይህን አማና በሦስት ነገር እንጠብቅ።

የመጀመሪያው ምስክርነት ነው። አላህ በሱረቱ ኒሳእ በራሳችንና በወላጆቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንድንመሰክር አዞናል። በመድረሳ ልጆቹን ሐዲስ ስናስተምር ከቃሉ ጋር «ከማን ተሰማ?» የሚለውን እናስተምራለን። በገርባም ጉዳይ ያየ አየሁ ይበል፤ የሰማ ከማን እንደሰማ ይናገር። ሰዓቱና ቦታው ይጻፍ። 3ቱን ሟች 30 ብለን ብናወራ ነገ አንዷ ውሸት ትያዝና እውነቱ ሁሉ ውሸት ይባላል። የሟቾቹን ሐቅ ያኔ እኛው ራሳችን ቀበርነው ማለት ነው።

ሁለተኛው በቀልን መተው ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመሰናበቻው ሐጅ፣ እንደ ዛሬ ባለ የዐረፋ ቀን፣ የሰው ደም ክቡር መሆኑን ተናገሩ። የጃሂሊያውን የደም በቀልም ሻሩ። ሲሽሩ በማን ጀመሩ? በራሳቸው ዘመድ! የአጎታቸው የልጅ ልጅ ገና ጡት የሚጠባ ሕፃን ሳለ በሁዘይል ሰዎች ተገድሎ ነበር፤ መጀመሪያ የተውት የእሱን ደም ነው። ከእኛ መሐል ደሙ የሚፈላ ወጣት ካለ ይህን ያስብ። የሞተውም ፖሊስ እናት አለችው። በእሱ ሞት የሚደሰት ሰው ከእኛ መንገድ ወጥቷል።

በቀልን ተውን ማለት ፍትሕን ተውን ማለት አይደለም። ማን ተኮሰ? ማን አዘዘ? ገለልተኛ ወገን ይመርምር እንላለን። የታሰረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው። ኮሚቴዎቻችን ከሐምሌ ጀምሮ ታስረዋል። የጠየቅነውም የታወቀ ነው፤ አህባሽ በግድ አይጫንብን፣ የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ሳይሆን በመስጊዳችን ይሁን፣ አወልያ በሕዝበ ሙስሊሙ ቦርድ ይተዳደር። ከዚህ ውስጥ ክርስቲያን ጎረቤታችንን የሚነካ የቱ ነው? ወሎ ላይ ሰው ሲሞት ቅሬው ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ይወጣል። ይህን የሚያፈርስ ወሬ ይዞ የሚመጣን ሰው አትስሙት።

ሦስተኛው ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ነገ ኡድሒያ የምታርዱ፣ ለሚስኪን ከምታወጡት ሲሶ ለገርባ አስቡ። የምትችሉ ሄዳችሁ ተዕዚያ ድረሱ። ከዒድ በኋላ ሁሉም ወደ ሥራው ሲመለስ ነው ቤት የሚጎድለው። የልጆቹ ደብተር፣ የቁስለኛው መድኃኒት፣ የእርሻው ጉልበት ማን ይሸፍናል? በየመስጊዱ ሁለት ሁለት የታመኑ ሰዎች ይመረጡ፤ የተሰበሰበው ብር በጽሑፍ ይያዝ፣ ለጀመዓውም ይነበብ።

ነገ ወደ ዒድ ሜዳ ስንወጣ በእጃችን ድንጋይ አይኑር። ተክቢራችን ከፍ ይበል፤ ቢተነኩሱን እንቀመጥ። መግሪብ ሊደርስ ነው፤ የጾመኛ ዱዓ አይመለስምና ከማፍጠራችን በፊት እጃችንን እናንሳ።

ያ አላህ! የገርባን ሟቾች ማራቸው፣ ለቤተሰቦቻቸው ሶብር ስጥ፣ የታሰሩትን አስፈታ፣ እኛን በሐቅ ላይ አጽናን፣ አገራችንን ሰላም አድርግ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።