በበሰበሰ ግንድ ላይ ስለሚሄደው ፍጡር
(በመምህራን ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ከራሴ ስሕተት ይነሣል። በ1996 ዓ.ም. በሰኔ መግቢያ ተማሪዎቼን ይዤ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ሄጄ ነበር። ወድቆ በበሰበሰ የዝግባ ግንድ ላይ አንድ ልጅ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ የሆነ፣ እንደ ልጋግ የሚያሟልጭ ነገር አገኘና «መምህር፣ ይህ ምንድር ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ሳልመረምር «እንጉዳይ ነው» አልሁት። ልጁ ግን ከዳርቻው ላይ ስንጥር ተክሎ ሄደ። ምሳ በልተን ከሦስት ሰዓት በኋላ ብንመለስ ቢጫው ነገር ስንጥሩን በሁለት ጣት ያህል አልፎት ተገኘ። «እንጉዳይ ይሄዳልን?» አለኝ። «ስንጥሩን አዛብተህ ተክለኸው ይሆናል» ብዬ አሳፈርሁት፤ ጓደኞቹም ሳቁበት። ከዚያ ወዲያ በክፍል ውስጥ እጁን ሲያነሣ አላየሁትም።

እውነቱ ግን ከልጁ ጋር ነበረ። ያ ነገር በእንግሊዝኛ ስላይም ሞልድ፣ በሊቃውንቱ አጠራር ሚክሶማይሲት የሚባለው ነው። ሞልድ ማለት ሻጋታ ነው፤ ፍጡሩ ግን ሻጋታም እንጉዳይም አይደለም፤ ስም አውጪዎቹም እንደኔው ተሳስተዋል። ጀርመናዊው ሊቅ አንቶን ደ ባሪ እ.ኤ.አ. በ1859 ወደ እንስሳ የቀረበ መሆኑን አስረድቶ ነበር። ዛሬ ከአሜባዎች ወገን ይቈጠራል።

አኗኗሩ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ከዱቄት የደቀቀው ዘሩ እርጥበት ሲያገኝ ይፈነዳና በዓይን የማይታይ ሕዋስ ይወጣዋል። ሁለት ሕዋሳት ተዋሕደው አንድ ይሆናሉ፤ ከዚያም ኒውክለሱ እየተባዛ ሕዋሱ ግን ሳይከፈል ያድጋል። እንግዲህ መዳፍ የሚያህለው ቢጫ ነገር እልፍ አእላፍ ኒውክለስ ያለው አንድ ሕዋስ ነው ማለት ነው። በውስጡ ያለው ፈሳሽ አንድ ደቂቃ ያህል ወደ ፊት፣ ደግሞ መልሶ ወደ ኋላ ይፈስሳል፤ በዚሁ ግፊት ይጓዛል። አንዳንዶቻችን ግንዱን የሚያበሰብሰው እርሱ ነው ብለን እናስተምራለን። ይህም ስሕተት ነው፤ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያና ፈንገስ ናቸው፤ እርሱ እነዚያን ይበላል። ምግቡ ሲያልቅ ወደ ገላጣ ስፍራ ወጥቶ ጥቃቅን የዘር ከረጢቶች ይሆናል። ድርቅ ሲመጣበት ደግሞ እንደ ቅርፊት ደርቆ ዝናም ይጠብቃል።

አንጎል የለውም። ሆኖም ጃፓናዊው ቶሺዩኪ ናካጋኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሳወቁት፣ ጠመዝማዛ መተላለፊያ ሠርተው በሁለቱ ጫፍ አጃ ያለበት ምግብ ቢያኖሩለት ረጅሙን መንገድ ትቶ በአጭሩ ተዘረጋ። በ2010 ደግሞ በቶኪዮ ዙሪያ ባሉት ከተሞች አቀማመጥ አጃ ቢደረድሩለት፣ በአንድ ቀን ገደማ የአካባቢውን የባቡር ሐዲድ የሚመስል መረብ ሠራ። ያስባል ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን የልጁ ጥያቄ የዋዛ እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል።

በማግስቱ ዓመት ሌሎች ተማሪዎች ይዤ ብሄድ ግንዱ ለማገዶ ተወስዶ ነበር። የወደቀ ግንድ ሁሉ ከደን ሲለቀም ይህ ፍጡር መኖሪያ ያጣል፤ እኛም ማስተማሪያ እናጣለን። ደን የራቀበት መምህር የዛፍ ቅርፊት ቈርሶ፣ ክዳን ባለው ሳሕን ውስጥ በእርጥብ ወረቀት ላይ ያኑረው፤ በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይበቅላል። በበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ሳሕን አኑሬአለሁ። ማጉያ መነጽሩ አንድ ብቻ ነውና በተራ በተራ ብትመለከቱ እለምናለሁ፤ ዛሬ ጧት ከዳርቻው ላይ ስንጥር ተክዬበታለሁ።