የፋይሰል አል ዳኺል ስቲከር

እሱ፦ አድማጮቻችን፣ ዛሬ ወጋችን ከኩዌቷ ሳልሚያ ነው፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የቤዝቦል ተጫዋቹ የሚኪ ማንትል የ1952 ካርድ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ለአንድ ጀማሪ ካርድ!

እሷ፦ የጀማሪነቱ እሱ አይደለም፣ ወንድሜ። የመጀመሪያው በ1951 የካርድ አምራቹ ቦውማን ያወጣው ነው። የ1952ቱን ውድ ያደረገው እጥረቱ ነው፤ ያልተሸጡትን ካርቶኖች ባሕር ውስጥ እንደጣሏቸው የካርዱ አምራች የቶፕስ ሰው ሳይ በርገር ተናግሯል። የተሸጠው ደግሞ ጥጉ ያልተላላጠ፣ ምስሉ መሐል የተቀመጠ ነበር።

እሱ፦ እዚህ ኩዌት ግን ነገሩ ኳስ ነው።

እሷ፦ አዎ! የፓኒኒ የስፔን 1982 የዓለም ዋንጫ የስቲከር አልበም ውስጥ ኩዌት አለች። ዓለም ዋንጫ የገባችው ያኔ ብቻ ነው። ፋይሰል አል ዳኺል ቼኮዝሎቫኪያ ላይ አግብቶ 1 ለ 1 ወጡ። ለእኔ የእሱ ስቲከር ከማንትል ይበልጥብኛል።

እሱ፦ በዋጋ?

እሷ፦ በዋጋማ የት ይገናኛሉ! በትርጉሙ እንጂ።

እሱ፦ እኛ ኢትዮጵያውያንም እኮ በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን አንስተናል። እነ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ እነ መንግሥቱ ወርቁ!

እሷ፦ የእነሱ ፎቶ ያላችሁ ወገኖች፣ በሙጫ አትለጥፉት። ከሳልሚያ የባሕር እርጥበትና ከፀሐይ አርቁት፤ ጀርባው ላይ ስማቸውንና ዓመቱን በእርሳስ ቀስ ብላችሁ ጻፉበት።