የጳጉሜ 4ቷ ሕፃን እና የተዘጋው ሪፖርት

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር መገናኛ ዕለት የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሕክምና ወጣ ያለ፣ ግን የምታውቂውን ነገር ተናገሪ» ሲሉኝ ተቸግሬ ነበር። ይህን ያህል ዓመት ሕክምና ብቻ ስሠራ ኖሬ ሌላ ምን አውቃለሁ? በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሥራዬ ጎን ለጎን የኮምፒውተር ሶፍትዌር እፈትሻለሁ። አትሳቁ! ኮድ አንድ መስመር አልጽፍም። የእኔ ድርሻ ሲስተሙ ሲሳሳት ስህተቱን መዝግቦ ለሠሪዎቹ ማድረስ ነው፤ በእነሱ አነጋገር «ባግ ፋይል ማድረግ»። ዛሬ የምነግራችሁም ይህንን ሥራ አንድ ጊዜ እንዴት እንዳበላሸሁት ነው።

የምሠራበት ሆስፒታል የወረቀት ካርድን በኮምፒውተር ለመተካት በ2015 መጨረሻ ሙከራ ጀመረ። ለጊዜው ሁለቱም ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ወረቀቱም ይጻፋል፣ ኮምፒውተሩም ይሞላል። ሲስተሙ የልደት ቀንና ክብደት ሲሰጠው ዕድሜውን አስልቶ የመድኃኒቱን መጠን ራሱ ያቀርባል። ጥሩ ነገር ነው፤ በሌሊት ዲዩቲ በደከመ ጭንቅላት ስንቶቻችን በስልክ ካልኩሌተር ስናሰላ እንዳደርን እናውቃለን።

የ2016 እንቁጣጣሽ ዲዩቲ ለእኔ ደረሰ። ጳጉሜ 4 የተወለደች፣ ሦስት ኪሎ የምትመዝን ሕፃን በኢንፌክሽን ጥርጣሬ ተኝታለች። ጄንታማይሲን አዘዝኩ። ስክሪኑ 22.5 ሚሊግራም አለኝ። ልቀበለው ስል አጠገቤ የነበረችው ሲስተር፣ «ዶክተር፣ ይቺ ልጅ እኮ ሦስት ቀኗ ነው» አለችኝ። ዕድሜዋን አየሁ፦ 27 ቀን ይላል።

የሕፃናት ሐኪሞች ወዲያው ገብቷችኋል፤ ለሌሎቻችሁ ላስረዳ። ክብደቱ ደህና የሆነ ጨቅላ በመጀመሪያው ሳምንት በኪሎ 5 ሚሊግራም ነው የሚሰጠው። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት 7.5 ይሆናል። የልጅቷ 15 ሚሊግራም መሆን ነበረበት፤ ሲስተሙ አንድ ተኩል እጥፍ አድርጎታል። መድኃኒቱ ሲበዛ ኩላሊትንም ጆሮንም የሚነካ ነው። 15 ሰጠን፣ ልጅቷም ድና ወጣች። ያተረፋት ግን ሲስተሩ ነበረች እንጂ እኔ አልነበርኩም፤ ኮምፒውተሩማ ጭራሽ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሪፖርት ልጽፍ ተቀመጥኩ። ለዚህ ሥራ ራሱን የቻለ ሶፍትዌር አለ፤ ቴስትሬይል፣ ቴስትሊንክ የሚባሉት ዓይነት። የሚፈተሸው ነገር ሁሉ በውስጡ በተራ ተጽፏል፦ የልደት ቀን አስገባ፣ ክብደት አስገባ፣ መድኃኒት ምረጥ ይልና ከእያንዳንዱ ጎን መምጣት ያለበት ውጤት ይቀመጣል። ፈታሹ እየሠራ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ይላል። ወደቀ ካለ እዚያው ላይ የግድፈት ሪፖርት ይከፍታል። እንዲህ የተከፈተ ሪፖርት ከወደቀው ፍተሻ ጋር እንደተያያዘ ይኖራል፤ በየትኛው ቨርዥን ላይ እንደታየ ይታወቃል፤ «ተስተካክሏል» ሲባልም የትኛው ፍተሻ መደገም እንዳለበት ማንም አይጠፋውም።

እኔ ይህንን ሁሉ ዘልዬ ባዶ ቅጽ ከፈትኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የጨቅላ ሕፃናት ዶዝ ስህተት ነው!! ሰው ሊሞት ይችላል። በአስቸኳይ ይታረም።» ክብደቱን ከሁሉ የመጨረሻው ላይ አደረግሁና ተኛሁ።

ጥቅምት ላይ መልስ መጣ። «ሊደገም አልቻለም። ተዘግቷል።»

እንዴት እንደተናደድኩ! ዶክተር ነኝ፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ልጅ አላየሽም ይለኛል? አኮረፍኩ። ማኩረፍ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ነገሩን ተውኩት። ሲስተሙም ከጥቅምት ጀምሮ በደንብ ሠራ፣ እኔም ረሳሁት። እዚህ ላይ ነው ዛሬም የሚያሳፍረኝ።

ግንቦት ላይ «ከሐምሌ ጀምሮ ወረቀት ይቆማል» የሚል ደብዳቤ ደረሰን። ያን ቀን ሲስተሯ ናት በር ላይ አግኝታኝ «ያ የእንቁጣጣሹ ነገር ተስተካከለ አይደል?» ያለችኝ። ምን ልበላት?

ሪፖርቴን ይዤ ከፈታሾቹ አንዱ ጋ ሄድኩ፤ ልጄ ሊሆን ምንም ያልቀረው ወጣት ነው። አነበበውና በትሕትና፣ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ኢንተርን መጥቶ ‹አልጋ ሰባት ላይ ያለው ሰው አሞታል፣ በአስቸኳይ ይታከም› ቢልዎት ምን ይሉታል?» አለኝ።

ምን እንደምለው እናንተ ታውቃላችሁ። በዚህ ግቢ ስንቶቻችን በሞርኒንግ ሴሽን ፊት ቆመን «መቼ ጀመረው? ምን ሲያደርግ? ከዚያ በፊትስ?» ተብለን ላብ በላብ ሆነናል። ሂስትሪ መውሰድ እዚህ ተምሬ፣ ለሌላ ሰው ሂስትሪ መስጠት ግን አልቻልኩም።

ልጁ ከዚያ የቴራክ 25ን ታሪክ ነገረኝ። የካንሰር የጨረር ሕክምና ማሽን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ ስድስት ሕሙማን ከሚገባው እጅግ የበዛ ጨረር ተለቆባቸዋል፤ የሞቱም አሉ። በማርች 1986 በቴክሳስ፣ ታይለር ከተማ አንድ ታካሚ ሲጎዳ ስክሪኑ ላይ የወጣው «ማልፈንክሽን 54» የሚል ነበር። መሐንዲሶች መጥተው ሞከሩት፤ ሊደግሙት አልቻሉም፤ ማሽኑ ወደ ሥራ ተመለሰ። በሚቀጥለው ወር ሁለተኛ ሰው ተጎዳ። ያኔ የሆስፒታሉ ፊዚሲስት ፍሪትዝ ሄገር ከኦፕሬተሯ ጋር ተቀምጦ ያደረገችውን ሁሉ ደጋግመው ሞከሩት፤ በመጨረሻ አገኙት። ኦፕሬተሯ ሥራውን የለመደች ስለሆነች ፈጣን ናት። የጨረሩን ዓይነት ተሳስታ ኤክስ ብላ ጽፋ፣ ተመልሳ ወደ ኢ ቀይራ፣ ሁሉንም በስምንት ሴኮንድ ውስጥ ስትጨርስ ነው ማሽኑ የሚሳሳተው። ቀስ ብሎ ለሚተይብ ሰው አይታይም።

እኔ ጋ ፍጥነቱ ቀኑ ነበር። የተዘጋውን ሪፖርት ታሪክ ስናይ ገንቢው መስከረም 20 የተወለደ ሕፃን መዝግቦ ጥቅምት 2 ላይ አስልቷል፤ 12 ቀን አለው፤ ትክክል ነው። ጳጉሜን አላቋረጠማ! እኔ ደግሞ ጳጉሜ የሚለውን ቃል አልጻፍኩለትም። ልጁን ስወቅስ የከረምኩት በከንቱ ነው።

አዲሱን ሪፖርት አብረን ጻፍነው፤ ከፍተሻው ላይ ተነስተን። ርዕሱ፦ «ጳጉሜን በሚያቋርጥ ዕድሜ ላይ ቀኑ በዝቶ ይሰላል፤ የጄንታማይሲን መጠን ይጨምራል።» ደረጃዎቹ፦ የሲስተሙን ቀን መስከረም 1 ቀን 2016 አድርግ፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2015 የተወለደች፣ 3 ኪሎ ሕፃን መዝግብ፤ ጄንታማይሲን እዘዝ። የሚጠበቀው፦ 3 ቀን፣ 15 ሚሊግራም። የታየው፦ 27 ቀን፣ 22.5 ሚሊግራም። የቃለ አጋኖ ምልክት አንድም የለበትም። በማግስቱ ከሰዓት በፊት «ተደግሟል» የሚል መልስ መጣ። ሲስተሙ ጳጉሜን እንደ ሌሎቹ ወራት 30 ቀን አድርጎ ኖሯል!

በዚህ አላለቀም። ተስተካከለ ሲሉን ፍተሻውን ደገምን። የእኛዋ ልጅ አሁን ሁለት ቀን ሆነች። ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርገውታል፤ 2015 ደግሞ ጳጉሜ 6 ያለበት ዓመት ነበር። የጳጉሜ 6 ልደት ጭራሽ አይመዘገብም፤ መዝጋቢው ሌላ ቀን ፈጥሮ ካልጻፈ በቀር አያልፍም። ይህንን ከቀድሞው ላይ ደርበን አልጻፍነውም፤ አንድ ሪፖርት አንድ ግድፈት ነው፣ ሁለት ከሆነ አንዱ ተስተካክሎ ሁለቱም ይዘጋሉ። እሱም ሐምሌ ሳይገባ ተስተካከለ።

ሁለት ነገር ጣል ላድርግ። «ክብደት» እና «ቅድሚያ» የሚባሉት ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። ክብደቱ ጉዳቱ ምን ያህል ነው የሚለው ነው፤ ቅድሚያው መቼ ይሠራ የሚለው። የሆስፒታሉ ስም በስህተት ፊደል ከወጣ ማንንም አይገድልም፣ ነገር ግን ለምረቃው ቀን መታረሙ አይቀርም። እኛ ሐኪሞች ሁሉንም የመጨረሻው ላይ እናደርጋለን፤ ትሪያጅ ላይ ሁሉንም ቀይ እንደማለት ነው።

ሌላው ፎቶ ነው። በመጀመሪያው ሪፖርት ስክሪኑን በስልኬ አንስቼ አያይዤ ነበር፤ የእናትየው ስምና የካርድ ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሥራውን የሚያየው ሁሉ አይቶታል። ልጁ ሳይናገረኝ በፊት ራሴ አፍሬ አስወገድኩት። አሁን የምንጠቀመው ለፍተሻ ተብለው የተፈጠሩ ሕፃናትን ነው፤ ሲስተሯ ስም ታወጣላቸዋለች፣ ብታዩአቸው ትስቃላችሁ።

ወረቀቱ በሐምሌ ቆመ። የ2016 ጳጉሜ አምስት ቀን ብቻ ነበረች፤ አምስቱንም ቀን ከሲስተሯ ጋር ዕድሜ በጣታችን እየቆጠርን ከስክሪኑ ጋር አመሳከርን፤ ልክ ነበር። ጳጉሜ 6 የምትመለሰው በ2019 መጨረሻ ነው። የዲዩቲ ፕሮግራሙ ገና አልወጣም፤ እኔ ግን ያን ሌሊት እንዲሰጠኝ ከወዲሁ ጠይቄያለሁ። ሲስተሯም እንዲሁ።